በዶላር የተከፈለ የቪዛ ገንዘብ የውጭ ግብይት ክፍያ ለምን ተቆረጠበት?

እዚህ የምተርከውን የኢንተርኔት መድረክ ውይይት የከፈቱት በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። የልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ዕረፍት ጠብቀው ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ሲነሡ፣ ለራሳቸውና አሜሪካ ለተወለዱት ሦስት ልጆቻቸው የኢትዮጵያን የኤሌክትሮኒክ ቪዛ በመንግሥቱ ድረ ገጽ አመለከቱ። ለ30 ቀን ቆይታ በሰው 82 ዶላር፣ ለአራቱ 328 ዶላር በክሬዲት ካርድ ከፈሉ፤ ቪዛውም ያለ ችግር በኢሜይል ደረሳቸው። የወሩ የሂሳብ መግለጫ ሲመጣ ግን ከእያንዳንዱ 82 ዶላር ሥር የ2 ዶላር ከ46 ሳንቲም ተጨማሪ መስመር ተጽፎ አገኙ። አራቱ ሲደመሩ 9 ዶላር ከ84 ሳንቲም ይሆናሉ፤ የተሰጣቸውም ስም የውጭ ግብይት ክፍያ የሚል ነው። እናትየዋ የካርዱን ቁጥር በጥቁር ሸፍነው የመግለጫውን ፎቶ ከጥያቄያቸው ጋር አያይዘዋል።

የጠየቁት ይህን ነው፦ ዋጋው የተጻፈው በዶላር ነው፣ ካርዱን የሰጠው የአሜሪካ ባንክ ነው፣ እርሳቸውም የከፈሉት ቤታቸው ተቀምጠው ነው፤ ታዲያ ባንኩ ውጭ ያለው የቱን ነው? ተጨማሪውን የወሰደው ቪዛውን የሰጠው ወገን ነው ወይስ ባንኩ? ማስመለስስ ይቻላል? ከዚያ በኋላ ከ30 በላይ መልስ ተከታተለ። በክሩ፣ ማለትም በዚህ የመልሶች ሰንሰለት ውስጥ፣ ትክክለኛውና የተሳሳተው ተደባልቆ ስለሚገኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መልሶች ብቻ አንብቦ የሚወጣ ሰው የተሳሳተ ትምህርት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ መልሶቹን በየቁጥራቸው እያነሣሁ፣ የትኛው ውሃ እንደሚያነሣ የትኛው እንደማያነሣም እየለየሁ እተርካለሁ።

የ1ኛው መልስ ጸሐፊ ጥያቄ አቅራቢዋን እህቴ ብለው በትሕትና ሰላምታ ከሰጡ በኋላ፣ ድረ ገጹ ዶላር ቢያሳይም ገንዘቡ አዲስ አበባ ሲደርስ ወደ ብር ስለሚለወጥ ባንኩ የምንዛሪ ክፍያ ወስዷል ሲሉ አስረዱ። 2ኛው መልስ በዚህ ተስማምቶ፣ የእርሱም ካርድ ላይ ተመሳሳይ ነገር እንዳየ ጨመረ። ሁለቱም የጻፉት በቅን ልቦና ነው፤ ማብራሪያው ግን ትክክል አይደለም።

3ኛው መልስ ይህን ያረመው የተያያዘውን ፎቶ ራሱን አስረጅ አድርጎ ነው። ምንዛሪ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ መግለጫው ከግብይቱ ሥር የመጀመሪያውን የገንዘብ ዓይነትና የተለወጠበትን ተመን ባሳየ ነበር፤ እዚህ ግን የሚታየው ያልተሸራረፈ 82 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍያው የተቆረጠው ገንዘቡ ስለተለወጠ ሳይሆን ግብይቱ ድንበር ስለተሻገረ ነው። የአሜሪካ ካርድ፣ ገንዘቡን የሚቀበለው ነጋዴ ወይም መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበት ባንክ ከአሜሪካ ውጭ በሆነ ጊዜ፣ የተከፈለው በዶላር ቢሆንም የውጭ ግብይት ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። የተለመደው መጠን 3 በመቶ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 1 በመቶ ያህሉ እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ላሉ የካርድ መረቦች ሲሆን የቀረው ካርዱን ለሰጠው ባንክ ነው። ጸሐፊው ስሌቱንም አሳይተዋል፦ የ82 ዶላር 3 በመቶ በትክክል 2 ዶላር ከ46 ሳንቲም ነው። ይህ አንድ መስመር ስሌት፣ ገንዘቡን የወሰደው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። ቪዛውን የሰጠው ወገን የተቀበለው 82 ዶላሩን ብቻ ነው፤ ተጨማሪውን የጫነው የራሳቸው ባንክ ነው።

በእኔ እምነት በክሩ ሁሉ ይበልጥ የጠቀመው 4ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው በአንድ ባንክ የካርድ ክፍል ለረጅም ጊዜ መሥራታቸውን ገልጸው፣ ክፍያው እንዴት ዛሬ ያለውን መልክ እንደያዘ ከሥሩ ተረኩ። ቀድሞ በአሜሪካ ብዙ ባንኮች ይህን ገንዘብ ለይተው ሳያሳዩ በምንዛሪው ተመን ውስጥ ቀላቅለው ይወስዱ ነበር። ደንበኞች በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ፤ ቪዛን፣ ማስተርካርድንና በርካታ ትልልቅ ባንኮችን የነካው ይህ ክስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 በ336 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። በዚያው ዘመን የካርድ መረቦቹ የራሳቸውን ክፍያ ከምንዛሪ ነጥለው፣ ገንዘብ ቢለወጥም ባይለወጥም ድንበር በተሻገረ ግብይት ሁሉ ላይ የሚታሰብ አደረጉት። ዛሬ ክፍያው ራሱን በቻለ መስመር የሚታየው፣ በዶላር የከፈለ ሰውም የማይድነው ከዚያ ወዲህ ነው። ካርድ ሲሰጥ ሕጉ እንዲያያዝ በሚያስገድደው የወለድና የክፍያዎች ሰንጠረዥ ውስጥም ተጽፎ ይገኛል።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ የጨዋ ነበር። የ5ኛው መልስ ጸሐፊ ግን ድንገት ገብተው፣ ለ10 ዶላር ይህን ያህል መነጋገር አሳፋሪ እንደሆነ፣ ለአራት ሰው የአውሮፕላን ትኬት መግዛት የቻለ ሰው ስለ ሳንቲም ማማረር እንደማይገባው በኃይለ ቃል ጻፉ። 6ኛው መልስ በዚያው ቃና መለሰላቸው፤ ትኬቱን በዓመት ቁጠባ ይሁን በብድር የገዙት ሳያውቁ በሰው ኪስ መፍረድ ነውር ነው የሚል ነበር። በ7ኛው ላይ ጥያቄ አቅራቢዋ ራሳቸው ተመልሰው፣ ቁጣ ሳይጨምሩ፣ የሚያሳስባቸው የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን ከመክፈላቸው በፊት አለመነገራቸው እንደሆነ ገለጡ። በክፍያው ገጽ ላይ በሰው 82 ዶላር ይላል እንጂ ባንክዎ ሊጨምርብዎት ይችላል የሚል ቃል አላዩም። እኔም በዚህ ከእርሳቸው ጎን ነኝ። ሰው ያልተነገረውን ክፍያ ሲያገኝ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ቪዛ የሰጠውን መሥሪያ ቤት ወይም አጭበርባሪን ነው፤ ትክክለኛው ባለጉዳይ ግን ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ገንዘቡ ትንሽ ነው ለሚለው ክርክር የማያዳግም መልስ የሰጠው 8ኛው ነው። በሚኒሶታ የሚኖሩ ሰው ለእናታቸው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አሜሪካ ደርሶ የሚመልስ ትኬት በ1,240 ዶላር በኢንተርኔት ገዙ። ጉዞው የሚነሣው ከአዲስ አበባ ስለነበረ የአየር መንገዱ ድረ ገጽ ሽያጩን የመዘገበው በመነሻው አገር ቢሮ ነው፤ በመሆኑም ዋጋው በዶላር ሆኖ ሳለ 37 ዶላር ከ20 ሳንቲም ተጨመረባቸው። ከአሜሪካ ተነሥቶ ኢትዮጵያ ደርሶ የሚመለሰውን የራሳቸውን ትኬት በዚያው ካርድ፣ ከዚያው አየር መንገድ ሲገዙ ግን ምንም አልተቆረጠባቸውም። ሁለቱን የሂሳብ መስመሮች ጎን ለጎን አድርገው ለጥፈዋል፤ አንዱ ላይ ከአየር መንገዱ ስም ቀጥሎ የአሜሪካ ከተማ፣ ሌላው ላይ አዲስ አበባ ተጽፏል። በመግለጫ ላይ ከስም ቀጥሎ የሚጻፈው ከተማ፣ ባንኩ ግብይቱን የውስጥ ወይም የውጭ አድርጎ እንዳየው ብዙ ጊዜ ፍንጭ ይሰጣል። ወላጆቻቸውን ለማስመጣት ትኬት የሚቆርጡ ስደተኞች ሁሉ ይህን ልብ ቢሉ እመኛለሁ።

9ኛው መልስ መፍትሔውን በአጭሩ አስቀመጠ፦ የውጭ ግብይት ክፍያ የሌላቸው ካርዶች ብዙ ስለሆኑ በእጅ ያለውን ካርድ ሰንጠረዥ ማየት፣ ክፍያ ካለበት ሌላውን መጠቀም። 10ኛው ዓመታዊ ክፍያ ያለበትን ካርድ 10 ዶላር ለማዳን ብሎ ማውጣት ኪሳራ እንደሆነ አስጠነቀቀ። 11ኛው ምስጋና ብቻ ነው።

በ12ኛው መልስ ውይይቱ ወደ ሌላ ዓይነት ተቀናሽ ተሻገረ፤ ያኔ ግን ተሳታፊዎቹ መሻገራቸውን አላስተዋሉም። ከለንደን የጻፉት ሰው ሮም ላይ የሆቴል ሂሳብ ሲከፍሉ የካርድ ማሽኑ በዩሮ ወይስ በፓውንድ ብሎ ጠየቃቸው። የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ፓውንዱን መረጠላቸው፤ እርሳቸውም የሚያውቁትን ገንዘብ ማየታቸው ስላጽናናቸው ዝም አሉ። ቤታቸው ደርሰው የዕለቱን ተመን ሲመለከቱ በጣም ከፍ ባለ ዋጋ እንደተመነዘረባቸው ተረዱ። ይህ ዳይናሚክ ከረንሲ ከንቨርዥን የሚባለው አሠራር ነው። ምንዛሪውን የሚሠራው የካርዱ ባንክ ወይም መረቡ መሆኑ ቀርቶ የነጋዴው ወገን ይሆናል፤ በተመኑ ላይ የፈለገውን ጭማሪ ያደርጋል፣ ትርፉንም ነጋዴውና ማሽኑን ያቀረበው ድርጅት ይካፈሉታል። በካርድ መረቦቹ ደንብ መሠረት ምርጫው የካርዱ ባለቤት ነው፤ ሠራተኛ መምረጥ አልነበረበትም።

13ኛው መልስ ከፍራንክፈርት ነው። ጸሐፊው በአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነ ደንብ እንዳለ፣ ማሽኑ ወይም ኤቲኤሙ የሚያቀርበው ተመን ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን በስንት በመቶ እንደሚበልጥ አስቀድሞ ማሳየት ግዴታው እንደሆነ ነገሩን። ስቶክሆልም ውስጥ ከኤቲኤም ገንዘብ ሲያወጡ ይህንኑ መቶኛ በስክሪኑ አይተው የቀረበላቸውን ምንዛሪ ውድቅ ማድረጋቸውን፣ ክሮናውን መርጠው የካርዳቸው ባንክ እንዲመነዝረው መተዋቸውን ጽፈዋል። ደንቡ የተጻፈው በኅብረቱ ውስጥ ለሚደረግ ክፍያ መሆኑን ግን አልሸሸጉም።

14ኛው መልስ ከዱባይ መጣ። የዱባዩ ጸሐፊ የዱባይ ነዋሪ ይህ ሁሉ አያገባውም ባይ ናቸው፤ ምክንያታቸውም ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የተቆራኘ መሆኑ ነው። ከተቆራኘ ምን ብልጫ ሊወሰድ ይችላል አሉ። 15ኛው መልስ ከአቡዳቢ ሆኖ በራሱ ደረሰኝ አፈረሰባቸው። ውጭ አገር የ200 ዶላር የሆቴል ሂሳብ በዚያ ተመን 734 ድርሃም ከ50 ፊልስ መሆን ሲገባው፣ በድርሃም ልክፈል በማለታቸው 771 ድርሃም ተቆረጠባቸው። ተመኑ የተቆራኘው በማዕከላዊ ባንኩ ነው እንጂ በሆቴሉ ማሽን አይደለም። በዚያ ላይ ካርዱን የሰጣቸው ባንክ፣ ክፍያው በድርሃም ቢሆንም ሆቴሉ ከአገር ውጭ ነው ብሎ የራሱን መቶኛ ጨመረ፤ ማለትም አንድ ሰው በአንድ ሂሳብ ሁለት ጊዜ ተቆረጠበት። የሜሪላንዷ እናትና የአቡዳቢው ሰው እዚህ ላይ ይገናኛሉ፦ ሁለቱም በካርዳቸው አገር ገንዘብ ከፍለው የድንበሩን ክፍያ አላመለጡም።

16ኛው ላይ የ5ኛው መልስ ጸሐፊ ተመልሰው፣ ሁላችሁም ባለማንበባችሁ የመጣ ነው ሲሉ ተሳታፊዎቹን ዘለፉ። ለያዥ ለገናዥ ሊያስቸግር ሲል አወያዩ በ17ኛው ገብተው፣ ስድብ እንደሚሰረዝ ካሳሰቡ በኋላ አንድ ጠቃሚ ነገር አደረጉ፤ እስካሁን የተነሡት ሁለት የተለያዩ ተቀናሾች እንደሆኑ፣ አንዱ በባንክ ሌላው በነጋዴ በኩል እንደሚመጣ ለይተው ጻፉ። ይህ ቀደም ብሎ ቢጻፍ ኖሮ ግማሹ ጭቅጭቅ ባልተነሣ ነበር።

18ኛው መልስ ከእስራኤል፣ ከነታንያ ነው። እስራኤል ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ያለ ቪዛ መግባት ከሚፈቀድላቸው አገሮች ጋር ስለተቀላቀለች፣ ጸሐፊው ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻቸውን ለመጠየቅ ኤስታ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ ያመለክታሉ። በወቅቱ የመንግሥቱ ዋጋ 21 ዶላር ነበር፤ ከእርሳቸው የተወሰደው ግን 89 ዶላር ነው። ይህን የውጭ ግብይት ክፍያ መስሏቸው ባንካቸውን ሲሟገቱ ሰነበቱ። 19ኛው መልስ ከ21 ዶላር 89 የሚያደርስ የባንክ ክፍያ እንደሌለ፣ የከፈሉት የመንግሥቱን መልክ አስመስሎ ለተሠራ የአገናኝ፣ ማለትም የግል ደላላ፣ ድረ ገጽ ሳይሆን እንዳልቀረ ነገራቸው። እርሳቸውም ኢሜይላቸውን መርምረው እውነት ሆኖ አገኙት፤ ከደረሰኙ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የአገልግሎት ክፍያ ተብሎ ተጽፏል።

20ኛው መልስ ይህን አጋጣሚ አድርጎ መንግሥታት ሁሉ ዘራፊዎች ናቸው የሚል ረጅም ምሬት ጻፈ። ወደ ነገሩ የመለሰን 21ኛው ነው። የኢትዮጵያው ገጽ አድራሻ ኢቪዛ ነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ እንደሆነ፣ በፍለጋ ገጽ ላይ ከሁሉ በላይ የሚወጣው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የአገናኞች እንደሆነ፣ አድራሻውን በራስ እጅ መጻፍ እንደሚሻል መከረ። 22ኛው ደግሞ የመንግሥታቱ ዋጋ ራሱ ስለሚጨምር ሰው ዝም ብሎ መደንገጥ እንደሌለበት አስታወሰ፤ ኤስታ በመስከረም 30፣ 2025 ወደ 40 ዶላር ከፍ ብሏል፣ የብሪታኒያ የጉዞ ፈቃድም በሚያዝያ 2025 ከ10 ወደ 16 ፓውንድ ወጥቷል፤ የቀኖቹም አቆጣጠር በአውሮፓ ነው። የቆየ ዋጋ በአእምሮው ይዞ የሚከፍል ሰው ተጭበረበርኩ ማለቱ አይቀርም።

በ23ኛው መልስ የኬንያና የህንድ ምሳሌ ቀረበ። ኬንያ በጥር 2024 የቀድሞውን ቪዛ በኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ተክታ 30 ዶላር ታስከፍላለች፤ የማስኬጃ ክፍያ የሚጨመርበት ሲሆን ከፋዩ ድምሩን ከመክፈሉ በፊት ያያል። የህንዱም የቪዛ ገጽ የባንክ ማስተላለፊያ በመቶኛ ተጨምሮ እንደሚታሰብ በግልጽ ጽፏል። ጸሐፊዋ ይህን ያነሡት ጥያቄ አቅራቢዋ በ7ኛው ላይ ያሉትን ለማጽናት ነው። ይሁንና እነዚህ ገጾቹ ራሳቸው የሚጨምሯቸው ክፍያዎች ናቸው፤ ከፋዩ ያገር ቤት ባንክ የሚጨምረውን የትኛውም ገጽ አስቀድሞ አስልቶ ሊያሳይ አይችልም፣ ምክንያቱም ከካርድ ካርድ ይለያያል። የሚቻለው ክፍያው የሚካሄደው አዲስ አበባ ባለ ባንክ በኩል ነው፣ ካርድዎን የሰጠው ባንክ የውጭ ግብይት ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ከመክፈያው ቁልፍ በላይ ማስቀመጥ ነው። ይህ ብዙ ገንዘብ የማያስወጣ፣ ብዙ ቤተሰብን ከጥርጣሬ የሚያድን ነገር ነው፤ እንዲደረግም ከልቤ እመኛለሁ።

24ኛው መልስ ከሁሉ የከፋውን ተቀናሽ ይዞ መጣ። ከዴንቨር የጻፉት ወጣት አዲስ አበባ ያለው ወንድማቸው የጉዞ ወጪያቸውን እዚያው በብር እንዲከፍልላቸው ብለው በገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ 400 ዶላር ከክሬዲት ካርድ ላኩ። ባንኩ ይህን ዕቃ እንደ መግዛት ሳይሆን ካሽ አድቫንስ፣ ማለትም ጥሬ ገንዘብ እንደ መበደር ቆጠረው። 5 በመቶው፣ 20 ዶላር፣ ወዲያው ተቆረጠ፤ ከዚያም ወለዱ የወሩን መጨረሻ ሳይጠብቅ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጠር ጀመር፤ ለተራ ግዢ የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ ለጥሬ ገንዘብ የለም። የ4ኛው መልስ ባለሙያ በ25ኛው ላይ ተመልሰው፣ እያንዳንዱ ገንዘብ ተቀባይ የሥራውን ዓይነት የሚያመለክት ባለ አራት አኃዝ ኮድ እንዳለው፣ ባንኩ ግዢን ከጥሬ ገንዘብ የሚለየው በዚያ ኮድ እንደሆነ፣ ገንዘብ ወደ አገር ቤት ለመላክ ዴቢት ካርድ ወይም የባንክ ሂሳብ መጠቀም እንደሚሻል አስረዱ። ወገኖቻችን ገንዘብ የሚልኩት በችኮላ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሰው ታሞ ወይም ሐዘን ተሰምቶ ስለሆነ፣ ይህ ምክር አስቀድሞ በጆሮ የገባ መሆን አለበት።

ከዚህ በኋላ ክሩ ጥቂት መንገድ ሳተ። 26ኛው መልስ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የሚሰጠውን፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ ያወጣ ሰው ቪዛ ስለማያስፈልገው የዚህ ሁሉ ክርክር ሥር ይነቀላል አለ፤ በየዓመቱ ለሚመላለስ ቤተሰብ እውነትነት አለው፣ አንዴ ለሚሄድ ግን የሚያዋጣ መሆኑን አስልቶ ማየት ይሻላል። 27ኛው ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2024 ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ስለ ብር መውረድ ሰፊ ትንታኔ ጀመረ። አወያዩ በ28ኛው ትንታኔውን ወደ ሌላ ክር አዛወሩት።

በ29ኛው የተሰጠው ምክር አደገኛ ነበር። ጸሐፊው ጥያቄ አቅራቢዋ ባንካቸው ደውለው ይህን ክፍያ አላውቀውም፣ ካርዴ ተሰርቋል ብለው ሁሉንም፣ ቪዛውንም ጭምር፣ እንዲያስመልሱ መከሩ። 30ኛው መልስ በክሩ ከታዩት ሁሉ የመረረ ነው፤ ተገቢም ነበር። ይህ ውሸት ነው፣ ካርዱም ይዘጋል፣ ቪዛ ሰጪውም ገንዘቡ ተነጥቆ ሲያይ ቪዛውን ሊሰርዝ ይችላል፤ ልጆች ይዞ ቦሌ ላይ መቆም ለ9 ዶላር የሚደረግ አይደለም አሉ። 29ኛው ጸሐፊ ስድብ ነው ብለው ቢያጉረመርሙም ምክራቸውን የደገፈ አልተገኘም።

31ኛው መልስ ሕጉን በረጋ መንፈስ ዘረዘረ። በአሜሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 የወጣው የክሬዲት ሂሳብ አከፋፈል ሕግ፣ የተሳሳተ ሂሳብ የቀረበበት ሰው መግለጫው ከተላከለት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያመለክት ይፈቅዳል፤ ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ መቀበሉን ማሳወቅ፣ ቢበዛ በ90 ቀን ውስጥም መወሰን አለበት። በሰንጠረዡ አስቀድሞ የተገለጸ የውጭ ግብይት ክፍያ ግን ስሕተት ስላልሆነ በዚህ ሕግ አይመለስም፤ ደውሎ በመልካም ፈቃድ እንዲነሣ መጠየቅ ግን ማንም አይከለክልም። በብሪታኒያ በዚያው ዓመት የወጣው የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 የካርድ ሰጪውን ተጠያቂ የሚያደርገው ዋጋው ከ100 ፓውንድ ሲበልጥ፣ እስከ 30,000 ፓውንድ ድረስ ስለሆነ፣ ብዙው የጉዞ ፈቃድ ክፍያ ከወለሉ በታች ነው።

32ኛው ሁለት ጊዜ የተቆረጠበት ሰው ነው። ክፍያው አልተሳካም የሚል ጽሑፍ አይቶ እንደገና ሞከረ፤ የባንኩ መተግበሪያ ሁለት 82 ዶላር አሳየው። 33ኛው መልስ መጀመሪያ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ነገረው፤ በመጠባበቅ ላይ ያለ መስመር ገና የተያዘ ገንዘብ እንጂ የተወሰደ አይደለም፣ ያልተሳካው ሙከራ በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ሁለቱም ጸንተው ከተመዘገቡ ያኔ ለቪዛ ሰጪው በማመልከቻ ቁጥር፣ ካልሆነም ለባንኩ ማመልከት ነው። ያ ሰው ከቀናት በኋላ ተመልሶ አንደኛው መስመር እንደጠፋ አሳወቀ።

በ34ኛው ጥያቄ አቅራቢዋ ባንካቸውን ማነጋገራቸውን ጻፉ። ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ ክፍያው ትክክለኛ መሆኑን አስረግጣ፣ የረጅም ጊዜ ደንበኛ ስለሆኑ ለዚህ ጊዜ ብቻ 9 ዶላር ከ84 ሳንቲሙን መልሳላቸዋለች። እግረ መንገዳቸውን በቦርሳቸው ያለው ሌላው ካርዳቸው የውጭ ግብይት ክፍያ እንደሌለበት ከራሱ ሰንጠረዥ አረጋግጠዋል።

የመጨረሻዎቹ ሁለት መልሶች የአንድ ተማሪና የአወያዩ ናቸው። ተማሪው በሳምንቱ እንደሚጓዝ፣ ክሬዲት ካርድ እንደሌለው፣ በዴቢት ካርድ ቢከፍል ከዚህ ሁሉ ይድን እንደሆነ ጠየቀ። አወያዩ እንደማይድን መለሱለት፤ ዴቢት ካርዶችም አብዛኞቹ ያንኑ መቶኛ ያስከፍላሉ፣ ገንዘቡም ከሂሳቡ በቀጥታ ስለሚወጣ ሁለት ጊዜ ቢያዝ የሚቸገረው እርሱ ነው። ስለዚህ ከመክፈሉ በፊት ከካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውሎ መቶኛውን እንዲጠይቅ፣ የክፍያው ጥያቄ ከኢትዮጵያ እንደሚመጣ ለባንኩ እንዲያሳውቅ፣ በሂሳቡም ከ82 ዶላሩ በላይ ጥቂት ትርፍ እንዲተው መከሩት።